ስቱኮ የሚደብቀው ክፍተት

የኪችን ካቢኔት የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀጥሎ እጀታውን፣ ከዚያ ዋጋውን። የበሩን ጥግ ጠጋ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። በሩ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል የሚናገረው ግን ቋሚውና አግዳሚው የሚጋጠሙበት ያ ጥግ ነው።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጽፎ ነበር። ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው ማየት ካልቻለ፣ ጥሩ ዕቃ የያዘው ተገቢ ዋጋ ስለማያገኝ ከገበያው ይወጣል። እንጨት ሥራ ቤትም ያው ነው። ክፍተቱን በስቱኮ የሞላውና በትክክል ያጋጠመው በርክክብ ቀን አንድ ይመስላሉ። እንጨት ግን በክረምት እርጥበት ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል። ያኔ ስቱኮው ይሰነጠቃል፣ ደንበኛውም ስልክ ያነሳል።

ሒሳባቸውን የምይዝላቸው የሠፈራችን እንጨት ሠራተኛ በራውተር ሲሠሩ እንዳየሁት፣ ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው። እንጨቱ በደንብ የደረቀና ሁሉም እኩል ውፍረት ያለው መሆን አለበት። ጠረጴዛው ላይ ሁሉም በፊቱ ተደፍቶ ይገፋል፤ አንዱ ከተገለበጠ ፊቱ እኩል አይመጣም። መጀመሪያ የአግዳሚዎቹ ጫፍ ይቆረጣል፤ እንዳይቦጨቅ ከኋላው ደጋፊ ቁራጭ ይደረጋል። ቀጥሎ ቢላው ተቀይሮ ጎን ለጎን ቦዩ ይወጣል። የሁለተኛው ቢላ ከፍታ የሚስተካከለው በሙከራ ቁራጭ ነው፦ ያጋጥማሉ፣ በጣት ይዳብሳሉ፣ ካልተስተካከለ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ።

ልኩም ቀላል ሒሳብ ነው። በሩ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ቋሚዎቹ እያንዳንዳቸው 6፣ ቦዩ 1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ ከ45 ላይ 12 ሲቀነስ 33 ይቀራል። ሁለት ቦይ ውስጥ ለሚገባው ምላስ 2 ሲጨመር አግዳሚው 35 ይሆናል። ያቺን 2 የረሳ በሩ 43 ሆኖ ይወጣበታል።

የመሃሉ ሰሌዳ ሙሉ እንጨት ከሆነ ኮላ አይነካውም፤ ሲሰፋ መፈናፈኛ እንዲኖረው በየጎኑ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይተውለታል። ኮላ የሚቀባው ጥጎቹ ላይ ብቻ ነው። ሳይደርቅ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ይለካል፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ በሩ አልተጣመመም።

«ጋሼ፣ ለሙከራ ይኼ ሁሉ እንጨት አይበዛም?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ቁራጭ እኮ ነው። በሩ ቢበላሽ ግን የተበላ ቀብድ ከየት አምጥቼ እመልሳለሁ?» አሉኝ። ለአነስተኛ ሥራ ቤት አንድ ድጋሚ ሥራ የወሩን ትርፍ ይዞ ይሄዳል።

እናንተ ግን በሩን ቀለም ሳይቀባ ልየው በሉ። ጥፍራችሁን መጋጠሚያው ላይ አሂዱት፤ ካልያዘው ጥሩ ነው። በደስታ ለሚያሳያችሁ ባለሙያ ትንሽ ጨምሩለት። ጥሩው ሠሪ ገበያው ውስጥ የሚቆየው እንዲህ ነው።