ስለ ናይትሮ ሞተር አስተካከል

ባለፈው ክረምት አንድ የትምህርት ጓደኛችን በሬዲዮ የምትነዳውን ትንሽ መኪናውን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ ነበር። መኪናዪቱ እዚህ አዲስ አበባ ላይ እንደ ተርብ እየጮኸች ስትሮጥ ብዙዎቻችን አይተናል። ድሬዳዋ በደረሰ ማግሥት አንዳች ነገር ሳይነካ አስነሥቶ ቢለቃት ከወትሮዋ ይልቅ ፈጠነች፤ ባለቤቷም ደስ አለው። ጥቂት ደቂቃ እንደ ቆየች ግን ድምጿ ቀጠነ፤ ወዲያውም ቀጥ አለች። ሞተሩን ሲፈታው ፒስቶኑ ተቧጭሮ አገኘው። ወዳጃችንም «ዕቃው የማይረባ ነው» ብሎ ሻጩን ረገመ። እኔ ግን ዕቃው ጥፋት የለበትም እላለሁ፤ ጥፋቱ የመጣው አንዳች ነገር ባለመነካቱ ነው።

ነገሩ የልጅ መጫወቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር እስቲ ይህን ይመልከት። የውድድር ሞተሩ ይዘት 3.5 ሲሲ፣ ማለት አንዲት የሻይ ማንኪያ ከምትይዘው ያነሰ ሲሆን፣ በደቂቃ ከ30,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። ባለ ሁለት ምት ነው። ካንዴላው እንደ ቤንዚን መኪና ካንዴላ ብልጭታ አይሰጥም፤ በውስጡ የተጠመዘዘች ቀጭን የፕላቲን ሽቦ አለች። ሞተሩ ሲነሣ ሽቦዋ በ1.5 ቮልት ባትሪ ትግላለች፤ ከተነሣ በኋላ ባትሪው ይነሣል፤ ሽቦዋ ግን በቃጠሎው ሙቀትና ሜታኖል ከፕላቲን ጋር ሲገናኝ በሚፈጠረው ኬሚካዊ ሥራ እንደ ጋለች ትቆያለች። ይህን ካንዴላ ሬይ አርደን የተባለ አሜሪካዊ በ1947 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ሲያቀርበው ትንንሾቹ ሞተሮች ባትሪና ኮይል ከመሸከም ዳኑ። ነገር ግን እሳቱ የሚነሣበትን ሰዓት የሚወስን ሌላ መሣሪያ ስለሌለ የሚወስኑት የካንዴላው ግለት፣ የእመቃው መጠንና የነዳጁ ድብልቅ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ድብልቁን የነካ ሰው የእሳቱንም ሰዓት ነክቷል ማለት ነው።

ነዳጁ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት የተቀላቀሉበት ነው። ናይትሮሜቴን ኃይል የሚሰጠው በራሱ ብርቱ ነዳጅ ስለ ሆነ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ይህ ስሕተት ነው። አንድ ኪሎ ናይትሮሜቴን ሲቃጠል የሚሰጠው ሙቀት አንድ ኪሎ ቤንዚን ከሚሰጠው ሩብ ያህል ብቻ ነው። ምስጢሩ በአየሩ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን ለማቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል፤ ለሜታኖል 6.5 ይበቃል፤ ለናይትሮሜቴን ግን 1.7 ብቻ፤ ምክንያቱም ኦክሲጅኑን በከፊል በራሱ ሞለኪውል ውስጥ ይዞ ይመጣል። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር የተወሰነ ነውና በዚያው አየር ብዙ ነዳጅ ማቃጠል የቻለ ሞተር ያሸንፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ሞተር የዘይት ቋት የለውም፤ የውኃ ራዲያተርም የለውም። የሚያለሰልሰው ከነዳጁ ጋር የሚገባው ዘይት ነው፤ ከሚያቀዘቅዙትም አንዱ ሜታኖሉ ሲተን የሚወስደው ሙቀት ነው። የካርቡራተሩን ዋና መርፌ ወደ ቀኝ ባጠበቅን ቁጥር ነዳጁ ይቀንሳል፤ ድብልቁ ይቀጥናል፤ ሞተሩም እስከ ተወሰነ ድረስ ይፈጥናል። ነገር ግን ከነዳጁ ጋር ዘይቱም ቀንሷል፤ ማቀዝቀዣውም ቀንሷል፤ እሳቱም ያለ ሰዓቱ መነሣት ይጀምራል። ሞተሩ እጅግ አምሮ የሚሮጠው ሊቃጠል ጥቂት ሲቀረው ነው። ጓደኛችንን ያታለለው ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ መርፌ እዚህ ሲመጣ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ሞተሩ ይታፈናል፤ ስለዚህ መርፌውን ማጥበቅ ግድ ነው። ከጎደለው ኃይል ጥቂቱን ለመመለስ ናይትሮው ከፍ ያለ ነዳጅ መጠቀም፣ ወይም በቴስታታው ሥር ካሉት ስስ ቀለበቶች አንዱን አውጥቶ እመቃውን መጨመር ይቻላል። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ናት፤ ሙቀቷ ተቆጥሮ እንኳ አየሯ ከእኛው በአንድ አሥረኛ ያህል የወፈረ ነው። ለአዲስ አበባ የጠበቀ መርፌ እዚያ ሲወርድ እጅግ ቀጭን ሆነ። ማንም ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው አስቀድሞ መርፌውን ይፍታ። በዚሁ በከተማችን እንኳ የማለዳው ብርድና የቀትሩ ፀሐይ ልዩነት ያመጣሉ።

አስተካከሉ እንዲህ ነው። ሞተሩ በሚገባ ይሙቅ፤ መርፌው በመጀመሪያ ከልክ በላይ ይፈታ። ከዚያ መኪናዪቱን በቀጥታ መንገድ በሙሉ ጉልበት እየለቀቁ በየጊዜው የዙር አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ ማለት በሰዓት ገጽ ላይ አንድ ሰዓት ያህል፣ ማጥበቅ ነው። ፍጥነቷ መጨመሩን ሲያቆም አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሱ። ሰማያዊው ጭስ ከኋላዋ መታየት አለበት፤ ጭሱ ከጠፋ ዘይቱ ጠፍቷል። ለዝቅተኛው ፍጥነት መርፌ ደግሞ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር የነዳጁን ቱቦ በጣት ቆንጥጦ መያዝ ነው፤ ጥቂት ፈጠን ብሎ ከሁለት እስከ አራት ሴኮንድ ውስጥ ከጠፋ ልኩ ነው፤ ወዲያው ከጠፋ ቀጥኗል፤ ከዘገየም ወፍሯል። በመጨረሻ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ይገባል። ሽቦዋ የምታበራና እርጥብ ከሆነች ደኅና ነው፤ ግራጫ ሆና ከተጣመመች ሞተሩ እየተቃጠለ ነው።

ከማሻሻያዎች ሁሉ ዋጋ ያለው ማርሚታው ነው። የምሥራቅ ጀርመኑ መሐንዲስ ዋልተር ካደን በ1950ዎቹ ዓመታት በኤም ዜድ ፋብሪካ ለሞተር ብስክሌት ያበጀው ዘዴ ነው። ከሲሊንደሩ የወጣው የግፊት ሞገድ በሚሰፋው ክፍል ሲያልፍ የተቃጠለውን አየር ይስባል፤ ከሚጠበው ጫፍ ነጥሮ ሲመለስ ደግሞ ሊያመልጥ የነበረውን ትኩስ ድብልቅ ወደ ውስጥ ይገፋል። ተወዳዳሪው ኤርንስት ዴግነር በ1961 ኮብልሎ ይህን ዕውቀት ለጃፓኑ ሱዙኪ አደረሰ፤ በ1962ም በሱዙኪ የ50 ሲሲውን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ። ቱቦው ሲያጥር ኃይሉ ወደ ከፍተኛው ዙር ይሄዳል። ከማርሚታው የሚመጣው ግፊት ነዳጁንም ከሰልባትዮው ስለሚገፋ ማርሚታ የለወጠ ሰው መርፌውን እንደ ገና ማስተካከል አለበት።

ሲሊንደሩን በሞረድ መክፈት ግን እኔ አልመክርም። በብዙዎቹ ነሐሱ በክሮም የተለበጠ ነው፤ ልባጩ አንድ ጊዜ ከተላጠ አይመለስም።

ሜታኖል መርዝ ነው፤ ሲጠጣ ያሳውራል፣ ይገድላል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ በዶርም ውስጥ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። ሩጫው ሲያበቃ ሰልባትዮው ይገልበጥ፤ በሞተሩ ውስጥ የቀረው ተቃጥሎ ይለቅ፤ ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ዘይት አግብቶ ሞተሩን በእጅ ማዞር ነው። ሜታኖል ከአየር ውኃ ስለሚስብ ይህ ካልተደረገ ኩሽኔታው ይዝጋል።