ቀለሜው ልጅ ከፍተኛው ክፍል ከገባ በኋላ

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያለን ወላጆች ስለ ልጆቻችን ትምህርት ስንጫወት ወሬያችን መግቢያው ላይ ይቀራል። ልጁ ጊፍትድ (ልዩ ተሰጥኦ ያለው) ተባለ ወይ? ልጅቷ የታኮማ ፓርክ ሚድል ስኩልን ማግኔት፣ ማለትም ተማሪ መርጦ የሚቀበለውን ልዩ ፕሮግራም፣ አገኘች? ከ1985 ጀምሮ የሳይንስ፣ የሒሳብና የኮምፒውተር ማግኔት ያለው ሞንትጎመሪ ብሌርስ ይቀበላት ይሆን? ከገቡ በኋላ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሰጣቸው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ያለው እዚያ ነው።

ከፍተኛ ክፍል የገቡ ልጆች ሁሉ እኩል አይደሉም። አንዷ ክፍልፋይን ገና ድሮ አባቷ ቤት አስጨርሷታል። ሌላው ሒሳቡን በቃሉ ይሠራል፤ አገሩን ለቆ ከመጣ ግን ሁለት ዓመቱ ስለሆነ የጥያቄው እንግሊዝኛ ይይዘዋል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ወረቀት ማደል አንዷን ማሰልቸት፣ ሌላውን ያለጥፋቱ ሰነፍ ማስመሰል ነው። ዲፈረንሺየትድ ኢንስትራክሽን የሚባለው አሠራር የመጣው ለዚህ ነው። የትምህርቱ ግብ ለሁሉም አንድ ይሆናል፤ መምህሩ የሚያስተካክለው የሚነበበውን፣ የሚሠራበትን መንገድ ወይም ተማሪው የሚያቀርበውን ሥራ ነው። ሐሳቡን በሰፊው ያሳወቁት የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲዋ ካሮል አን ቶምሊንሰን ናቸው። እሳቸውም ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ለዓመታት እዚያው ቨርጂንያ ውስጥ ክፍል ቆመው አስተምረዋል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ጎበዙ 10 ጥያቄ ቶሎ ከጨረሰ ሌላ 10 ተመሳሳይ ጥያቄ ይጨመርለታል። ይህ ቅጣት ነው። ልጆች ደግሞ ቶሎ ይነቃሉ፤ ቀስ ብሎ መሥራት እንደሚያዋጣ ይገባቸዋል። በየቀኑ «ለጓደኞችህ አስረዳቸው» ማለትም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዴ ይጠቅማል፣ ሁልጊዜ ሲሆን ግን የራሱ ትምህርት ይቆማል።

ደህና መምህር ምን ያደርጋል? የክፍልፋይ ድምር ያለበት 20 ጥያቄ ሰጠ እንበል። ከሁሉ የከበዱትን አምስቱን ምልክት አድርጎ «ከእነዚህ ጀምሩ» ይላል። እነሱን በትክክል የሠራ ተማሪ ቀሪዎቹ 15ቱ ይቀሩለትና ይህ ይሰጠዋል፦ 1/2 ላይ 1/4፣ ከዚያ 1/8፣ ከዚያ 1/16 እየደመርክ ብትቀጥል የት ትደርሳለህ? 1ን የማያልፈው ለምንድን ነው? ያው የክፍልፋይ ድምር ነው፤ ልጁን ግን ቁጭ አድርጎ ያሳስበዋል። በታሪክ ክፍልም እንዲሁ። ስለ አፍሪካ ቅርምት ሲማሩ አድዋን ከቤቱ ይዞ ለመጣ ልጅ፣ አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መስከረም ያስነገሩትን የክተት አዋጅ በዘመኑ ከወጣ የጣሊያን ጋዜጣ ጋር አስተያይቶ እንዲከራከር መስጠት ይቻላል።

ፍጥነት ከዚህ ይለያል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ወላጆች የሚያውቁት ኮምፓክትድ ማት የሦስት ዓመቱን ሒሳብ፣ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለውን፣ በሁለት ዓመት ያስጨርሳል። ጥሩ ነው፤ ሆኖም መፍጠን ብቻውን ልጁ በጥልቀት እንዲያስብ አያደርገውም።

አሌክሳንድሪያ ላሉት አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪ መርጦ የሚቀበለው ቶማስ ጄፈርሰን ሃይስኩል አድራሻው አሌክሳንድሪያ ቢልም የፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤት ነው፤ የአሌክሳንድሪያ ከተማ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚገቡበት አይደለም። ስለዚህ ለእነሱ ዋናው ነገር በአሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩልና ከዚያ በፊት ባሉት ክፍሎች ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ነው። በቨርጂንያ ደንብ ወላጅ ራሱ ልጁ ለጊፍትድ እንዲመዘን ማመልከት ይችላል፤ መምህሩ እስኪጠቁም መጠበቅ የለበትም። ልጁ እንግሊዝኛ ገና እየተማረ መሆኑም ከምዘናው አያስቀረውም።

የወላጅና የመምህር ኮንፈረንስ አጭር ነው። «ልጄ እንዴት ነው?» እንላለን፣ «በጣም ጎበዝ ነው» ይሉናል፣ አመስግነን እንወጣለን። ይልቅ እነዚህን እንጠይቅ፦ አዲስ ምዕራፍ ከመጀመራችሁ በፊት የሚያውቁትን ትፈትሻላችሁ? ቀድሞ የሚያውቀው ልጅ ምን ይሠራል? ባለፈው ወር ልጄን የከበደው ሥራ የቱ ነበር? መምህር መጠየቅ አገር ቤት እንደ ድፍረት ይታይ ይሆናል፤ እዚህ ግን ከወላጅ የሚጠበቅ ነው። እንግሊዝኛው ካስቸገረ ትምህርት ቤቱ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ስለ ራሱ በሚወራበት ስብሰባ ላይ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት።