ከተማው በሙሉ የሚያጠነጥነው ልቃቂት

ድርቆሽ የሚያስር ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ጣጣ አለ። እስሩ ተፈትቶ ለከብቶቹ ከተበተነ በኋላ ሲባጎው ይተርፋል። ቁርጥራጩ በረት ውስጥ ከተተወ የላም እግር ይተበትባል፤ ከሳሩ ጋር ከዋጠችው ደግሞ ሆዷ ውስጥ ይቋጠራል። ስለዚህ ጠንቃቃ ገበሬ እየለቀመ አንድ ጥግ ያኖረዋል። በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ፣ በካንሳስ ግዛት፣ ካውከር ሲቲ የምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ያርሱ የነበሩት ፍራንክ ስቶበር ግን እ.ኤ.አ. በ1953 ቁርጥራጩን እየቀጠሉ ማጠንጠን ጀመሩ።

ያ ልቃቂት ዛሬ በከተማዋ ዋና መንገድ ዳር፣ ግድግዳ በሌለው ጣሪያ ሥር ተቀምጧል። ክብደቱ ከ90 ኩንታል፣ ዙሪያው ከ12 ሜትር ይበልጣል። ቢተረተር ከ2,300 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል።

ሲባጎው የቃጫ ነው፤ እኛ ገመድና ጆንያ ስንሠራበት የኖርነው ዓይነት። ለዚያ አገር ገበሬ ቃጫ ተራ ነገር አልነበረም። ኮምባይነር ሳይስፋፋ በፊት ስንዴው የሚታጨደው ነዶውን ራሱ በሲባጎ እያሰረ በሚጥል መኪና ነበርና፣ አዝመራ ሲደርስ ሲባጎ ያጣ ገበሬ እህሉ ማሳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ጥሬ ቃጫው በብዛት ይመጣ የነበረው ከሜክሲኮ፣ ከዩካታን ነው። ዋጋው ገበሬውን ስላስመረረው የሚኒሶታ ግዛት በስቲልዋተር፣ የካንሳስ ግዛት ደግሞ በላንሲንግ ወህኒ ቤቶች የሲባጎ ፋብሪካ አቋቁመው ለገበሬው በርካሽ ይሸጡ ነበር። ይህን ላወቀ ሰው፣ አንዲት ክንድ ሲባጎ መጣል ለምን እንደሚከብድ ግልጽ ነው። ስቶበርን ብዙዎች እንደ ቀልደኛ ሰው ያዩአቸዋል፤ እኔ ግን በልቃቂቱ ውስጥ የሚታየኝ ከሁሉ በፊት ያ ቁጠባ ነው።

በ1961 ልቃቂታቸውን ለከተማዋ ሰጡ፤ ማጠንጠኑን ግን አልተዉም። በ1974 ሲያርፉ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር ከ35 ሳንቲም ገደማ ደርሶ ነበር። አንድ ተቀናቃኝ ግን ይቀድማቸው ነበር። በሚኒሶታ፣ ዳርዊን በምትባል ከተማ፣ ፍራንሲስ ጆንሰን ከ1950 ጀምረው በቀን አራት ሰዓት ያህል እያጠነጠኑ 29 ዓመት ሠርተዋል። የእሳቸው 3 ሜትር ከ65 ግድም ስፋት ያለውና 79 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ነው። የትኛው እንደሚበልጥ የሁለቱ ከተሞች ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ዳርዊን «አንድ ሰው ብቻውን ከሠራው ሁሉ ትልቁ የእኛ ነው» ትላለች። የጆንሰን ልቃቂት በመስታወት ተከልሎ እንዳለ ተጠብቋል፤ ማንም አይጨምርበትም።

ካውከር ሲቲ ሌላ መንገድ መረጠች። ስቶበር ያቆሙትን ሕዝቡ ቀጠለው። በየዓመቱ ነሐሴ ወር ላይ የከተማው ሰው ተሰብስቦ ሲባጎ የሚያጠነጥንበት በዓል አለ፤ ልጆቹ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ የሄዱበት ቤተሰብም የሚገናኘው ያኔ ነው። ለእኔ የበለጠው ይህኛው ነው። የዳርዊኑን ትዕግሥት አደንቃለሁ፤ ለካውከር ሲቲ ግን ልቤ ያደላል።

ምክንያቱን ለማየት ከተማዋን ማወቅ ይበቃል። የተቆረቆረችው በ1870 አካባቢ ሲሆን፣ ከአራቱ መሥራቾች ስሟን ማን ይስጣት ተብሎ በፖከር ጨዋታ ተወስኖ ኮሎኔል ካውከር እንዳሸነፉ ይነገራል። ዛሬ ነዋሪዎቿ 500 አይሞሉም። ትራክተሩ እየገዘፈ ሲሄድ አሥር ቤተሰብ ያርሰው የነበረውን መሬት አንድ ሰው ያርሰዋል፤ ወጣቱም ወደ ዊቺታ ወይም ወደ ካንሳስ ሲቲ ይሄዳል። ይህ የአካባቢው ከተሞች ሁሉ ዕጣ ነው። ባዶ ሱቆች በበዙበት በዋናው መንገድ አንዲት ሠዓሊ የታወቁ ሥዕሎችን እየቀዳች በየመስኮቱ ሰቀለች፤ በየሥዕሉ ውስጥም ልቃቂቱን ሸሸገችው። እግረኛ መንገዱ ላይ የተቀባ የሲባጎ መስመር እንግዳውን ከሥዕል ወደ ሥዕል ይመራዋል።

ከካንሳስ ሲቲ ወደ ዴንቨር በሚያልፈው ትልቁ አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው ካውከር ሲቲን አያያትም፤ ወደ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል መገንጠል አለበት። የሚመጣው ልቃቂቱን ፍለጋ ነው፤ ከመጣ ግን ምሳ ይበላል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ ከሰው ጋር ያወጋል።

መጨመር ለሚፈልግ እንግዳ ሲባጎ ይሰጠዋል። ጫፉን ከነበረው ጋር ይቋጥራል፣ ከዚያ ያጠነጥናል። ስቶበር በጀመሩበት ዘመን ልቃቂቱን መሬት ላይ እያንከባለሉ ይጠመጥሙ ነበር። አሁን ክብደቱ ከሥሩ ጠፍጥፎታል፤ የሚያንቀሳቅሰው የለም። እንግዳው ሲባጎውን ይዞ ራሱ ይዞረዋል።