ዞሮ ተመላሹ የድምፅ ነርቭ

ማንቁርት በአየር ቧንቧ ጫፍ ላይ የሚገኝ የድምፅ መፍለቂያ ነው። በውስጡ ያሉትን ሁለት የድምፅ አውታሮች የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች፣ ከአንዱ በቀር፣ የሚታዘዙት ተመላሽ ነርቭ በተባለው ነው። ይህ ነርቭ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ ማንቁርትን አልፎ ይወርዳል፤ የግራው ደረት ውስጥ ገብቶ ከልብ የሚወጣውን ዋናውን ደም ቅዳ፣ የቀኙ ደግሞ ወደ ክንድ የሚሄደውን ደም ቅዳ በሥሩ ዞሮ ወደ ላይ ይመለሳል። በቀጭኔ ዘንድ ጉዞው ከ4 ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ከአንጎሏ እስከ ማንቁርቷ ያለው ርቀት ግን ጥቂት ነው!

ነርቩ የሚኖርበት ፕሮቲን በአመዛኙ የሚሠራው በአንጎል ግንድ ባለው የሕዋሱ አካል ውስጥ ነው። ከዚያም እንደ ስንቅ እየተጓጓዘ እስከ ጡንቻው ይደርሳል። ፈጣኑ ስንቅ በቀን እስከ 400 ሚሊሜትር ሲጓዝ፣ የነርቩን ክር የሚገነባው ግን በቀን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ያዘግማል።

የዚህ ጉዞ አዝጋሚነት ነርቩ በተቆረጠ ጊዜ ይታወቃል። ነርቩ ከእንቅርት ዕጢ ጀርባ ስለሚያልፍ፣ በአገራችን ደጋማ ስፍራዎች ለኖረው የእንቅርት በሽታ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ሐኪሙ ተጠንቅቆ የሚፈልገው ይህንኑ ቀጭን ነጭ ክር ነው። አንዱ ወገን ቢቆረጥ ድምፅ ይሻክራል፤ ሁለቱም ቢቆረጡ መተንፈስ እንኳ ያስቸግራል። ሕዋሱ ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ጋፕ 43ን የመሰሉ የእድገት ፕሮቲኖችን አብዝቶ ይሠራል፤ የተቆረጠውም ክር በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። ችግሩ ክሩ መንገድ መሳቱ ነው። አውታሮቹን ሊከፍት የተላከው ክር ወደሚዘጋው ጡንቻ ከገባ፣ ሁለቱ ትእዛዞች ይጋጩና ነርቩ በሕይወት እያለ አውታሩ ባለበት ደርቆ ይቀራል።