ኤምቢኤ ልማር ሄጄ የራሴን ደም ግፊት አገኘሁት

ሰሞኑን የት ጠፋህ እያላችሁ ብዙዎቻችሁ ስትጠይቁኝ ነበር። ውጭ አገር አልሄድኩም፣ አልታመምኩም። ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። (በኋላ እንደምታዩት "አልታመምኩም" ያልኩትም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም።)

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቴ አንድ ክፍል እንዳስተባብር መደበኝ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የበጀት ወረቀት ሰጡኝ። የልብ ኢሲጂ ቢሰጡኝ በግማሽ ደቂቃ አነብላቸው ነበር፤ ባላንስ ሺት ግን ከላይ ይጀመር ከታች እንኳን አላውቅም። ራሴን እየነቀነቅኩ፣ የገባኝ እየመሰልኩ ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ለማታ ኤምቢኤ ተመዘገብኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ሜክሲኮ አካባቢ ነው ካልኳችሁ ይበቃል። ሰፈሩ ድሮም የንግድ ትምህርት ሰፈር ነው። ሁላችንም "ኮሜርስ" የምንለው ትምህርት ቤት የተከፈተው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1943 ነው፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው።

እኔ የምኖረው ደግሞ በሌላኛው የከተማው ጫፍ፣ ለሚ ኩራ፣ አያት ኮንዶሚኒየም ነው። ለማታውቁት፣ ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ በ2013 ዓ.ም. የተመሠረተ 11ኛው ክፍለ ከተማ ነው። ከአያት፣ ከሰሚት፣ ከአራብሳ የሚነሳው ሰው ጠዋት ጠዋት ወደ መሀል ከተማ ይፈሳል፣ ማታ ተጠቅጥቆ ይመለሳል። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ።

ቀኔን ልንገራችሁ። ከንጋቱ 11:30 እነሳለሁ። 2:30 ሥራ። እስከ 10:30 ታካሚ አያለሁ፣ ከዚያ እየሮጥኩ ወደ ሜክሲኮ። ክፍል 11:30 ይጀምራል፣ ማታ 2:30 ያበቃል። ትራንስፖርት ከቀናኝ 3:30 ቤት ነኝ። ልጆቼ ተኝተዋል። ባለቤቴ እራት ከድና አስቀምጣልኛለች። በልቼ ላፕቶፕ እከፍታለሁ፤ የግሩፕ ሥራ አለ፣ የቴሌግራም ግሩፑ ሌሊት 6 ሰዓትም አይተኛም። ስተኛ 7 ሰዓት ሆኗል። ቁጠሩት፤ አራት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ነው። ታካሚዎቼን "ቢያንስ 7 ሰዓት ተኙ" የምለው ሰውዬ!

ግን እውነቱን ልናገርና ክፍሉን ወድጄዋለሁ። ከሃያ ዓመት በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ "ገባችሁ?" መባል ደስ ይላል። የግሩፓችን አባላት አምስት ነን፦ የባንክ ሠራተኛ፣ የሆቴል አካውንታንት፣ መርካቶ ዕቃ የምታከፋፍል ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛና እኔ። ነጋዴዋ ከሁላችን ትበልጣለች። መምህሩ ስለ ዋጋ አወጣጥ አንድ ሰዓት ያስተምራል፤ እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጨርሰዋለች። አካውንታንቱ ደግሞ የእኔ አዳኝ ነው። ዲፕሪሲየሽን ምን እንደሆነ ያስረዳኝ በአሮጌ ታክሲ ምሳሌ ነው፤ እኔም በምላሹ የጉልበት መገጣጠሚያ እንዴት እንደሚያረጅ አስረዳሁት። እጅ ለእጅ ተለዋወጥን።

ችግሩ ምግቡ ነው። ከ10:30 እስከ 11:30 ባለችው ሰዓት ማን ቤት ገብቶ ይበላል? በሩ ላይ እርጥብ አለ፣ ሳምቡሳ አለ፣ ቦንቦሊኖ አለ። እርጥቡ ላይ ሚጥሚጣና ጨው ይነሰነስበታል፤ ይጣፍጣል፣ አልዋሽም። ከዚያ ማኪያቶ። እረፍት ላይ ሌላ ማኪያቶ። አንዳንዱ ኢነርጂ ድሪንክ ይዞ ይገባል። ፈተና ሲደርስ ጫት የሚቅሙም አሉ። "ዶክተር፣ ለማንበብ ነው" ይሉኛል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍንም ይነጥቃል። ሌሊቱን ያነበባችሁት ነገር አእምሮ ውስጥ የሚቀመጠው በአብዛኛው ስትተኙ ነው። ስለዚህ ሳይተኙ አንብቦ ፈተና መግባት ዕቃ ገዝቶ መጋዘን እንደማጣት ነው። (ይሄ ምሳሌ ከነጋዴዋ የተሰረቀ ነው።)

አንድ ማታ የሙምባይን ዳባዋላዎች ኬዝ አነበብን። ህንድ አገር፣ ሙምባይ ከተማ ውስጥ ከ1890 ገደማ ጀምሮ ያለ ሥራ ነው። ዳባዋላዎቹ ጠዋት ቤት ለቤት እየዞሩ የተሞላ ምሳ ዕቃ ይሰበስባሉ፣ በብስክሌት ባቡር ጣቢያ ያደርሳሉ፣ በባቡር ያጓጉዛሉ፣ የምሳ ሰዓት ሳያልፍ ለባለቤቱ ቢሮው ድረስ ይሰጡታል። ባዶውን ዕቃ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመልሳሉ። ከኮሮና በፊት 5,000 የሚሆኑ ሰዎች በቀን ወደ 200,000 ምሳ ዕቃ ያደርሱ ነበር። ብዙዎቹ ትምህርት ያልዘለቁ ሰዎች ናቸው፤ የሚመሩት ክዳኑ ላይ በተቀባ ቀለም፣ ፊደልና ቁጥር ነው። የሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ሳይቀር ለማስተማሪያ ጽፎበታል። በነገራችን ላይ በኤምቢኤ ጉዳይ ከህንድ ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። የህንዱን ኢግኑ ዩኒቨርሲቲ ኤምቢኤ እዚሁ አዲስ አበባ ሆነው በቅድስተ ማርያም በኩል በርቀት የተማሩ ብዙ ናቸው።

መምህሩ ጠየቀን፦ "የእነዚህ ሰዎች ደንበኛ የሚገዛው ምንድነው?" ባንከሩ "ፍጥነት" አለ። አካውንታንቱ "አስተማማኝነት" አለ። ነጋዴዋ ዝም ብላ ቆይታ "የቤቱን ምግብ ነዋ!" አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ዞር ብዬ ስመለከት ስለ ምሳ ዕቃ የምንማረው አርባ ሰዎች ከዴስካችን ሥር የእርጥብ ወረቀት ደብቀናል። እኔ ራሴ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም ነበር።

የዚያኑ ዕለት እረፍት ላይ አካውንታንቱ "ዶክተር፣ ጭንቅላቴን ይወቅረኛል፣ ፕሬሸር ይሆን እንዴ?" አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ መለኪያ ነበረ። ለካሁት፤ 122/78። ዓይኑ ነው የደከመው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር፣ ማታ ፕሮጀክተር። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ተመልከት፣ መነጽርም ተመርመር አልኩት። ነጋዴዋ ቀጠለች፣ 118/76። ከዚያ "በል አንተም ክንድህን አምጣ" አለችኝ። እየሳቅኩ ሰጠኋት።

162/98።

መጀመሪያ ያልኩትን ታውቃላችሁ? "ቡና ጠጥቼ ነው።" ሁለተኛ ያልኩት፣ "ሮጬ መጥቼ ነው።" ታካሚዎቼ ለእኔ የሚሉኝን በሙሉ ቃል በቃል አልኩት። ባንከሩ "እኛስ ሮጠን አይደል የመጣነው?" ብሎ አፌን አስያዘኝ።

በዚያ ማታ ወደ አያት ስመለስ አባቴን አሰብኩ። አባቴ የደም ግፊት መድኃኒት ተሰጥቶት ነበር። "ራሴን አያመኝም፣ ለምን እውጣለሁ?" ብሎ ተወው። በ61 ዓመቱ አንድ ጠዋት አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፣ ንግግሩ ተኮላተፈ፣ ቀኝ እጁን ማንሳት አቃተው። ስትሮክ ነበር። ያኔ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። አብዛኛው የደም ግፊት ያለበት ሰው ምንም አይሰማውም፤ ይሄን በየሳምንቱ ለሰው እናገራለሁ። እኔም ምንም አልተሰማኝም ነበር።

እርግጥ አንድ ልኬት ብቻውን በሽታ አያስብልም። በተለይ የእኔው ልኬት ስህተቱ ብዙ ነበር፦ ማኪያቶ ከጠጣሁ ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ እያወራሁ ነበር፣ እግሬን አነባብሬ ነበር፣ ሽንቴም ይዞኝ ነበር። በትክክል ሲለካ ለ5 ደቂቃ ጸጥ ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባን ማስደገፍ፣ ሁለቱን እግር መሬት ላይ ማድረግ፣ ክንድን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ማሰሪያው ሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ነው የሚታሰረው። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ማሰሪያ ከተደረገ ቁጥሩ ያለአግባብ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት በከንቱ የደነገጡ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ።

ስለዚህ ቤቴ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ለካሁ። ባለቤቴ ቁጥሩን በልጃችን ደብተር ጻፈችው፤ እኔ ብጽፍ እንደማሳንሰው ታውቃለች። የመጀመሪያውን ቀን ትተን አማካዩን አወጣን (ስታቲስቲክሱ ለዚህ ጠቀመኝ)፤ 148/94። ሐኪም ቤት ሲለካ 140/90ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል፤ ቤት ሲለካ ግን መስፈርቱ 135/85 ነው። ማምለጫ አልነበረኝም።

ራሴን ግን አላከምኩም። እባካችሁ ይሄን ልብ በሉ፣ ሐኪም የሆናችሁም ጭምር። የሥራ ባልደረባዬ ጋ ካርድ አውጥቼ፣ ወረፋ ጠብቄ ገባሁ። የስኳር፣ የኩላሊት፣ የሽንት፣ የኮሌስትሮል ምርመራና ኢሲጂ አዘዘልኝ። ሁሉም ደህና ነው፤ ኮሌስትሮሌ ብቻ ትንሽ ከፍ ብሏል። አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ጻፈልኝ። "ዕድሜ ልክ ነው እንዴ?" ብዬ ጠየቅኩት። እሱም ሳቀብኝ። እኔ ይሄን ጥያቄ ስንት ጊዜ ተሰላችቼ እንደመለስኩት! ለካ ጥያቄው ስለ ኪኒን አይደለም፤ ስለ ዕድሜ ነው። (ለእኔ የታዘዘውን አይታችሁ ከፋርማሲ እንዳትገዙ። የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበትና ለነፍሰ ጡር ምርጫው ይለያል።)

ትምህርቱን ላቋርጥ ነበር። እናቴ በስልክ "አባትህን ቀብሬያለሁ፣ አንተን አልቀብርም፣ ተወው" አለችኝ። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ አስተባባሪዋ ጋ ገብቼ በሴሚስተር ከምወስዳቸው አራት ኮርሶች ሁለቱን አወጣሁ። አንድ ዓመት ይጨምርብኛል። ይጨምር።

አሁን ምሳ ዕቃ ይዤ ነው የምሄደው። ሽሮ፣ ጎመን፣ አንዳንዴ ዓሣ። በዓለም የጤና ድርጅት ምክር መሠረት በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው የሚፈቀደው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ወጡም እርጥቡም ተደምሮ። ቡና ከ9 ሰዓት በኋላ አቁሜያለሁ። ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ማታ 12 ሰዓት የጠጣችሁት ማኪያቶ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደማችሁ ውስጥ ነው። ስንተኛ የደም ግፊታችን በተለምዶ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል፤ ያ ነው የደም ሥራችን እረፍት። እኔ ያንን እረፍት ለወራት ነጥቄው ነበር። ጠዋት ደግሞ ከባቡሩ አንድ ፌርማታ ቀደም ብዬ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። በሳምንት 150 ደቂቃ የሚባለውን እንቅስቃሴ ጂም ሳልገባ እንዲህ ነው የምሞላው።

ባንከሩም ተቀይሯል። ማታ ማታ በመኪናው ወደ ሲኤምሲ ያደርሰን ነበር። አንድ የፈተና ሌሊት መገናኛን ስናልፍ ጭንቅላቱ ለሰከንድ ዘንበል አለ፤ ነጋዴዋ ጮኸች። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ አልኮል እንደጠጣ ሰው እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ። ከዚያ ወዲህ መኪናውን ቤቱ ትቶ ከእኛ ጋር ታክሲ ይሰለፋል።

ግሩፓችን ውስጥ አሁን አዲስ ልማድ አለ። ረቡዕ ረቡዕ ከክፍል በፊት ምሳ ዕቃችንን አንድ ዴስክ ላይ እንደረድራለን፣ ከዚያ እንለካካለን። ነጋዴዋ የሁላችንንም ቁጥር በመርካቶ የዱቤ ደብተሯ ጀርባ ትይዛለች። ባለፈው ረቡዕ የእኔ 128/82 ነበር። "ዕዳህ ቀንሷል" አለችኝ።

የሚቀጥለው ሰኞ የፋይናንስ ፈተና አለብኝ። አሁን ከምሽቱ 4:30 ነው፣ ኮሜንታችሁን ነገ አያለሁ። ልተኛ።