«ፍላሼ ባዶ ሆነ!»

የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ወደ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ጎራ ያለ ተማሪ በድንገት «ፍላሼ ባዶ ሆነ!» ብሎ ሲደነግጥ አይተን ይሆናል። ፎልደሮቹ የሉም፤ በምትካቸው ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ተደርድረዋል። ለመሆኑ ጽሑፉ በእርግጥ ጠፍቷልን?

አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም። እንዲህ ያለው ቫይረስ ፎልደሮቹን «ድብቅ» የሚል ምልክት ያደርግባቸውና ራሱን የሚያስነሳ ሾርትከት ያስቀምጣል። ስለዚህ ሾርትከቱን አንክፈት፤ «ፎርማት ይደረግ» የሚለንንም አንስማ። ቫይረሱ በጸረ ቫይረስ ከተወገደ በኋላ ድብቁን መግለጥ ይቻላል።

ምክንያቱን እንረዳ። ጤፉ በየትኛው ጎታ፣ በቆሎው በየትኛው እንዳለ የምታውቀው የቤት እመቤት ናት። ዊንዶውስም ዲስኩን በትናንሽ ክፍሎች ከፍሎ፣ የትኛው ክፍል የየትኛው ፋይል እንደሆነ በመዝገብ ይይዛል። በፍላሽ ላይ ፋይል ሲሰረዝ በቅድሚያ የሚነካው መዝገቡ ነው፤ ጽሑፉ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ሊቆይ ይችላል። በስሕተት የሰረዝን እንደሆነ በዚያ ፍላሽ ላይ ምንም አንጻፍበት።

ጥበቃውስ? ብዙ ፍላሾች የሚጠቀሙበት የፋት አመዘጋገብ ባለቤትን አይለይም፤ ያገኘው ሁሉ ያነባል፣ ይሰርዛል። እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጣው ኤንቲኤፍኤስ ግን ማን ማንበብ፣ ማን መለወጥ እንደሚችል ለእያንዳንዱ ፋይል ይመዘግባል። መብራት ድንገት ቢጠፋም መዝገቡን የሚጠግንበት ማስታወሻ አለው፤ ያላስቀመጥነውን ጽሑፍ ግን አይመልስልንም። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ስም የሚገባ ከሆነ ይህ መለያ ትርጉም ያጣል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መግቢያ እንክፈት። ዲስኩ ተነቅሎ በሌላ ኮምፒውተር ቢከፈት ደግሞ የይለፍ ቃሉ ብቻውን አያድንም፤ ዲስኩን በምስጢር መቆለፍ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በብዙ አገሮች የሰዎችን ፋይሎች ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። ማይክሮሶፍት መከላከያውን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር፤ ከተጎዱት ብዙዎቹ አልጫኑትም ነበር። ከእንዲህ ያለው አደጋ የሚያድነን ከኮምፒውተሩ ተነጥሎ የተቀመጠ ሌላ ቅጂ ነው።

ጽሕፈት ቤት ለምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ቃል አለን። የኒካሕ ውል፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የመድረሳ ተማሪዎች መዝገብ በእጃችሁ ያልፋል። ይህ አማና ነው። ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን ሰርዙ፤ የተሰረዘው የሚጠራቀምበትንም ቅርጫት ባዶ አድርጉ። እኛም ባለጉዳዮች ይህ መደረጉን ሳናይ አንውጣ።