በሽርሽር መርከብ ልዩ ምግብ ቤት ጉርሻ ለማን፣ መቼና ምን ያህል ይሰጣል?

በሽርሽር መርከብ ላይ በልዩ ምግብ ቤት እራቱን በልቶ የሚነሣ መንገደኛ ደረሰኙን ሲመለከት ብዙ ጊዜ ግራ ይገባዋል። ትኬቱን ሲገዛ ምግብና መኝታ በዋጋው ውስጥ መካተታቸው ተነግሮታል። በየዕለቱ ደግሞ በሠራተኞች ጉርሻ ስም ገንዘብ በሂሳቡ ላይ ይደመራል። አሁን በእጁ በያዘው ደረሰኝ ላይ ሌላ 18 ወይም 20 በመቶ ተጨምሮ ያያል፤ ከዚያም በታች «ተጨማሪ ጉርሻ» የሚል ባዶ መስመር ይጠብቀዋል። ይሙላው ወይስ ይተወው?

ጥያቄው የባሕር በር ለሌላት አገር ነዋሪ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖች ለዕረፍት በእነዚህ መርከቦች ይጓዛሉ፤ ወላጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱም አሉ። በሌላ በኩል ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን «በመርከብ ላይ ጉርሻው ብቻ ኑሮ ይለውጣል» የሚለው ወሬ ሲያማልላቸው ይስተዋላል። ገንዘቡ ከማን ተሰብስቦ ለማን እንደሚደርስ ማወቅ ለመንገደኛውም ለሥራ ፈላጊውም ይጠቅማል።

ልዩ ምግብ ቤት የሚባለው

በአንድ ትልቅ የሽርሽር መርከብ ላይ ሁለት ዓይነት መመገቢያ አለ። የመጀመሪያው ዋናው የምግብ አዳራሽና ራስን በራስ የማስተናገጃው ቡፌ ሲሆን፣ ዋጋቸው በትኬቱ ውስጥ የተካተተ ነው። ሁለተኛው ልዩ ምግብ ቤት ይባላል፤ ጠበብ ያለ፣ አስቀድሞ ቦታ የሚያዝበትና ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት ነው። በአንዱ የተጠበሰ ሥጋ፣ በሌላው የጃፓን፣ የጣሊያን ወይም የፈረንሳይ ምግብ ይቀርባል። የሮያል ካሪቢያን ኩባንያ «ቾፕስ ግሪል»፣ የኖርዌጂያን ኩባንያ ደግሞ «ካግኒስ» እና «ለ ቢስትሮ» የተባሉ ቤቶች አሏቸው። ክፍያው በአንዳንዱ ቤት በነፍስ ወከፍ የተቆረጠ ነው፤ በሌላው ደግሞ እንደታዘዘው ምግብ ይታሰባል።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 ሥራ የጀመረችው «አሜሪካ» የተባለች የጀርመን መርከብ በሪትዝ ካርልተን ስም የሚጠራ፣ ለብቻው የሚከፈልበት ምግብ ቤት ነበራት። በ1912 የሰመጠችው ታይታኒክም ለአንደኛ ማዕረግ መንገደኞች እንዲህ ያለ ቤት ነበራት። ያን ቤት በኮንትራት ያስተዳድር የነበረው ሉዊጂ ጋቲ የተባለ ጣሊያናዊ ሲሆን፣ ከ60 በላይ የሚሆኑት ሠራተኞች የእርሱ ቅጥረኞች እንጂ የመርከብ ኩባንያው አልነበሩም። ከእነርሱ መካከል ከአደጋው የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው። እንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ ለማን እንደሚገባና ሠራተኛው የማን እንደሆነ የሚነሣው ጥያቄ ያኔም ነበረ ማለት ነው።

የዛሬው የጉርሻ ሥርዓት መልክ የያዘው ግን ዘግይቶ ነው። ቀደም ሲል መንገደኛው ጉዞውን ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ አስተናጋጅ እጅ ይመገብ ነበር፤ በመጨረሻዋ ምሽትም ጉርሻውን በፖስታ አድርጎ ለአስተናጋጁና ለመኝታ ክፍሉ አጽጂ ይሰጥ ነበር። ኖርዌጂያን በ2000 እ.ኤ.አ. መንገደኛው በፈለገው ሰዓትና በመረጠው ቤት የሚመገብበትን አሠራር ሲያስተዋውቅ፣ አንድ እንግዳ በሳምንት ውስጥ በብዙ አስተናጋጆች እጅ ማለፍ ጀመረ። ፖስታው ለማን ይሰጥ? መልሱ ጉርሻውን በየዕለቱ በሁሉም መንገደኛ ሂሳብ ላይ መደመር ሆነ። ሌሎች ትልልቅ ኩባንያዎችም ውለው አድረው ተከተሉት።

ደረሰኙ ሲነበብ

በ2025 እ.ኤ.አ. ሮያል ካሪቢያን በመደበኛ ክፍል የሚያርፍን አንድ ሰው በቀን 18 ዶላር ከ50 ሳንቲም ጉርሻ ያስከፍል ነበር፤ ኖርዌጂያን ደግሞ 20 ዶላር። ቅንጡ ክፍል የያዘ ሰው ከዚህ በላይ ይከፍላል። ልጅም እንደ አዋቂ የሚቆጠርባቸው ኩባንያዎች አሉና ቤተሰብ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ገንዘቡ ቀላል አይደለም።

ለምሳሌ ባልና ሚስት በመደበኛ ክፍል ሰባት ሌሊት ቢጓዙ፣ በ18 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሂሳብ ዕለታዊው ጉርሻ ብቻ 259 ዶላር ይሆናል። ከሰባቱ ምሽቶች በአንዱ በልዩ ምግብ ቤት ለመብላት ቢፈልጉና ዋጋው በነፍስ ወከፍ 60 ዶላር ቢሆን፣ በ120 ዶላሩ ላይ 18 በመቶ ማለትም 21 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይደመርና 141 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይከፍላሉ። በዚያች ምሽት ዋናውን አዳራሽ ስላልረገጡ ዕለታዊው ክፍያ አይቀነስላቸውም። ሁለቱ ክፍያዎች የተለያዩ ናቸው፤ ዕለታዊው የመላው መርከብ መስተንግዶ፣ በመቶኛ የሚታሰበው ደግሞ የዚያች ምሽት ነው።

እዚህ ላይ የሚያዘናጋ ነገር አለ። አንዳንድ ኩባንያዎች ትኬት ሲሸጡ የልዩ ምግብ ቤት እራት በስጦታ መልክ ይጨምራሉ። እራቱ በነፃ ቢሆንም ጉርሻው ግን በምግቡ መደበኛ ዋጋ ላይ ተሰልቶ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይችላል። «ነፃ» የሚለውን ቃል አይቶ የሚፈርም ሰው ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ይኖርበታል።

በመርከቡ ላይ ብዙውን ጊዜ ጥሬ ገንዘብ አይዘዋወርም። የመኝታ ክፍሉ ካርድ እንደ ኪስ ያገለግላል፤ የተበላው ሁሉ በካርዱ ባለቤት ሂሳብ ይመዘገባል። እንደ አገር ቤት ልማድ «እኔ ልክፈል፣ የለም እኔ» ተባብለው የሚሟገቱ ዘመዳሞች ካሉ፣ ካርዱን ቀድሞ የሰጠው ሰው የምግቡን ብቻ ሳይሆን የመቶኛውንም ጉርሻ እንደተሸከመ ይወቅ።

እንግዲህ በባዶው መስመር ላይ ምን ይጻፍ? 18 ወይም 20 በመቶው ተደምሮ ከሆነ ባዶውን መተው ነውር አይደለም፤ አስተናጋጁም ቅር አይሰኝም። መስተንግዶው ልብ የሚነካ ከሆነ፣ ለምሳሌ አስተናጋጁ ለታመመ እንግዳ ከምግብ ዝርዝሩ ውጭ የሆነ ነገር አሠርቶ ካመጣ፣ አምስት ወይም አሥር ዶላር መጨመር የተለመደ ምስጋና ነው። በመስመሩ ላይ መጻፍም፣ አጣጥፎ በእጅ መስጠትም ይቻላል፤ በሰው ፊት እየቆጠሩ መስጠት ግን ለሰጪውም ለተቀባዩም አይመችም። በደረሰኙ ላይ መቶኛው ካልተደመረ ደግሞ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ከገንዘቡ ሌላ፣ በጉዞው ማብቂያ በሚሞላው የአስተያየት ቅጽ ላይ የአስተናጋጁን ስም ጠቅሶ ማመስገን በዕድገቱና በቀጣይ ውሉ ላይ ሊረዳው ይችላል፤ እንግዳውን ደግሞ አንድ ሳንቲም አያስወጣውም።

መስተንግዶው ከተበላሸ ቅሬታውን በዚያው ምሽት ለምግብ ቤቱ ኃላፊ መንገር ይሻላል። በጉዞው መጨረሻ የሚነገር ቅሬታ ለማንም አይጠቅምም።

የማይታዩት እጆች

ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው በልዩ ምግብ ቤቱ ውስጥ አይደለም። አንዳንድ መንገደኞች ወደ እንግዶች አገልግሎት ጠረጴዛ ሄደው ዕለታዊውን ክፍያ ያሰርዛሉ፤ በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ ይህ ይፈቀዳል። ከዚያም «ለሚገባው ሰው በእጄ እሰጣለሁ» ብለው ሃያ ዶላር ለወደዱት አስተናጋጅ ያስጨብጣሉ። ሐሳባቸው ቅን ሊሆን ይችላል፤ ሂሳቡ ግን አያስኬድም።

ዕለታዊው ገንዘብ የሚከፋፈለው መንገደኛው ለሚያያቸው ብቻ አይደለም። መኝታ የሚያነጥፉት፣ አንሶላና ፎጣ የሚያጥቡት፣ ከታችኛው ወለል ሰሐን የሚያጥቡትና ወጥ ቤቱን የሚያግዙት ሁሉ እንደ ኩባንያው ደንብ ድርሻ አላቸው። በአውድማ ላይ የሚታየው ምርቱን የሚያነሣው ሰው እንደሆነ፣ ያረመውና የኮተኮተው እንደማይታይ ማለት ነው። ክፍያው ሲሰረዝ የሚጎዱት እነዚህ ናቸው። በአንዳንድ ኩባንያዎች ደግሞ ክፍያውን ያሰረዘ መንገደኛ ለአስተናጋጁ በእጁ የሰጠው ገንዘብ ወደ ጋራው ቋት እንዲገባ ደንቡ ያስገድዳል፤ ስለዚህ የተመረጠው ሰው እንኳ ላያገኘው ይችላል።

በአማርኛ ጉርሻ ሁለት ነገር ነው። አንዱ በፍቅር በእጅ የሚጎረሰው፣ ሌላው ለአስተናጋጅ የሚተወው ገንዘብ። ሁለቱም ሰጪው ሲወድ የሚሰጡ ናቸው። የመርከቡ ጉርሻ ግን ስሙ እንጂ ነገሩ ከዚህ የራቀ ነው፤ በትልልቅ የአገራችን ሆቴሎች ደረሰኝ ላይ ከሚታየው የ10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ጋር ይቀራረባል። በእርግጥም የሠራተኛው የገቢ አካል ነው።

ለዚህ ምክንያቱ ሁለት ነው። ቀዳሚው ልማዱ ከአሜሪካ መምጣቱ ነው። በዚያ አገር የፌዴራል ሕግ ቀጣሪው ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ በቀጥታ የሚከፍለው ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፤ ቀሪውን ጉርሻው እንዲሞላ ታስቦ። ሁለተኛው፣ አብዛኞቹ መርከቦች ከአሜሪካ ወደብ ቢነሡም የተመዘገቡት በባሃማስ፣ በፓናማ፣ በቤርሙዳ ወይም በማልታ በመሆኑ የአሜሪካ ዝቅተኛ የደመወዝ ሕግ በሠራተኞቻቸው ላይ አይጸናም። በሃዋይ ደሴቶች መካከል የምትመላለሰው «ፕራይድ ኦቭ አሜሪካ» በአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የተመዘገበች በመሆኗ ከዚህ ወጣ ያለች ናት። በሌሎቹ ላይ ከፊሊፒንስ፣ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ የመጡ ሠራተኞች በብዛት ይገኛሉ፤ ለወራት ያለ ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ይሠራሉ፤ ከሚያገኙት ገንዘብ ብዙው ለቤተሰብ ይላካል።

ይህ ሁሉ ግዴታ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ኩባንያዎችም አሉ። የብሪታኒያው ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጉርሻውን ክፍያ ከሂሳብ አውጥቶ በትኬቱ ዋጋ ውስጥ አካቶታል። እንደ ሲልቨርሲ፣ ሪጀንትና ሲቦርን ያሉት ውድ መርከቦችም እንዲሁ። ለመንገደኛው ይህ አሠራር ሳይሻል አይቀርም፤ ዋጋውን አውቆ ይሳፈራል፣ ከሰው ፊትም አይሸማቀቅም።

ለሥራ የሚያስቡ ምን ይጠይቁ?

በኢትዮጵያ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ መሐንዲሶችንና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎችን ለመርከብ ሥራ ያሠለጥናል። የእነርሱ ገቢ በደመወዝ የተወሰነ ነው፤ ጉርሻ አይመለከታቸውም። ጉርሻ የሚመለከተው የመስተንግዶውን ክፍል ነው። በዚያም ቢሆን አዲስ ተቀጣሪ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቡፌው፣ ከረዳት አስተናጋጅነት ወይም ከሰሐን አጠባ ነው፤ በልዩ ምግብ ቤት የሚመደቡት ልምድና ቋንቋ ያላቸው ናቸው። «በአንድ ምሽት ይህን ያህል ዶላር» የሚል ተስፋ ሲሰጥ ይህን ማስታወስ ይበጃል።

ውል የቀረበለት ሰው አስቀድሞ ሊያጣራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በወር ይከፈላል የተባለው ገንዘብ መነሻ ደመወዝ ነው ወይስ ጉርሻ ታስቦበት የተገመተ? መንገደኞች ክፍያውን ቢያሰርዙ ኩባንያው የሚያረጋግጠው ዝቅተኛ ገቢ አለ? በልዩ ምግብ ቤት የሚሰበሰበው መቶኛ ለቤቱ ሠራተኞች ይከፋፈላል ወይስ ወደ ጋራው ቋት ይገባል? መልሱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ደመወዝ ቢያንስ በየወሩ፣ ከዝርዝር መግለጫ ጋር እንዲከፈል፣ ሠራተኛውም በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት እንዲያገኝ ያዝዛል።

ይኸው ስምምነት ሥራ ለማግኘት በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው ክፍያ መቀበልን ይከለክላል። ሠራተኛው ራሱ ሊሸፍን የሚችለው የጤና የምስክር ወረቀቱን፣ የባሕርተኛ መታወቂያ ደብተሩንና የፓስፖርቱን ወጪ ብቻ ነው። የቪዛው ወጪ የሚሸፈነው በመርከቡ ባለቤት ነው፤ ለቪዛ በሚል ከብት እንዲሸጥ ወይም ገንዘብ እንዲበደር የሚጠየቅ ቤተሰብ ካለ፣ ጥያቄው ከዚህ ስምምነት ውጭ ነው።